ሲነጋ የሚቀል ድካም

በዐቢይ በዓል ዋዜማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያነጋ ሰው፣ ካህን ይሁን ምእመን፣ ሊቅ ይሁን የአብነት ተማሪ፣ ማንም ሳይነግረው በገዛ ሥጋው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ልቡ ብሩህ፣ ጉልበቱም ጽኑ ሆኖ ይቆይና፣ 8 ሰዓት ሲያልፍ ዐይኑ መክበድ፣ 9 ሰዓት ሲሆን ጆሮው የዜማውን ፈለግ መሳት ይጀምራል፤ 10 ሰዓት ላይ ብርዱ ከአጥንቱ ገብቶ፣ ቆሞ ይሁን ተኝቶ እስኪጠራጠር ድረስ ይዝላል፤ ነገር ግን በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ገርጣ ሲል፣ ወፎችም መንጫጫት ሲጀምሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር ያደረው ይህ ሰው፣ ሸክም ከጫንቃው እንዳወረዱለት ሁሉ ይቀለዋል። ድካም በጎተራ እንደሚገባ እህል ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የንጋቱ ድካም ከ10 ሰዓቱ ይበልጥ እንጂ ያንስ አልነበረም። በልጅነቴ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ይህን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የብርሃን በረከት ነው» ብለውኝ ነበር፤ ብዙ ዓመት ቆይቼ የእንቅልፍን ነገር የመረመሩትን ሊቃውንት መጻሕፍት ሳነብ፣ መልሳቸው ከእውነቱ ብዙ ያልራቀ መሆኑን አየሁ።

የልማዱ ስም ትጋሃ ሌሊት ነው። «ተግሀ» ማለት በግእዝ ነቅቶ ጠበቀ፣ ሳይተኛ አደረ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በአማርኛ ሥራ ወዳዱን ሰው «ትጉህ» ስንለው፣ የቃሉ ሥር ሲታይ «የማይተኛ» ማለታችን ነው፤ በመጽሐፈ ሄኖክም መላእክት «ትጉሃን» የሚል ስም አላቸው። ሰው በምድር ሳለ መላእክትን የሚመስልበት አንዱ መንገድ ሌሊት ቆሞ ማመስገን ነው የሚለው አሳብ ከምንኵስና ጋር ወደ አገራችን ገብቶ፣ በ6ኛው ምእተ ዓመት ነበረ በሚባለው በቅዱስ ያሬድ ዜማ የራሱን መልክ ያዘ። ንጉሡ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ ጦሩን በሊቁ እግር ላይ ቢተክል፣ ወጊውም ተወጊውም ሳይሰማቸው ቆዩ የሚለውን ትውፊት የማያውቅ የአብነት ተማሪ የለም፤ የሌሊት ቆሚ ሁሉ አባት የሆነው ሰው ታሪክ ሥጋን በመርሳት መጀመሩ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንቅልፍን እንደ ጠላት አላሳደደውም። በመዓልትና በሌሊት ከተደነገጉት ሰባት የጸሎት ጊዜያት፣ ከነግህ፣ ከሠለስት፣ ከቀትር፣ ከተሰዓትና ከሠርክ ቀጥሎ የሚመጣው ስድስተኛው ጊዜ ንዋም ይባላል፤ «ኖመ» ማለት ተኛ ማለት ነውና፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚደርሰው ይህ ጸሎት ሰው ራሱን ለእንቅልፍ የሚያስረክብበት ነው። ሰባተኛው መንፈቀ ሌሊት ነው፤ ይህም በ6 ሰዓት ከመኝታ የሚያስነሣው ጸሎት ነው። በ14ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ሲደርስ፣ የጸሎቱን ጊዜ የሚሞላ እጅግ የተዋበ ምስጋና ለትውልድ አስረክቧል።

በሌሊቱ እኩሌታ ነቅቶ እንደገና መተኛት ለዛሬ ሰው የበሽታ ምልክት ይመስለዋል። ነገር ግን አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሮጀር ኤከርች በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከመብራት ዘመን በፊት የነበሩ የምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ስለ «መጀመሪያው እንቅልፍ»ና ስለ «ሁለተኛው እንቅልፍ» እንደ ተራ ነገር ይናገሩ እንደነበር አሳይቷል፤ ከእርሱም በፊት ቶማስ ዌር የተባለ ሐኪም ሰዎችን በየዕለቱ ለ14 ሰዓት በጨለማ ቢያቆያቸው፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቅልፋቸው ለሁለት ተከፍሎ፣ በመካከሉ ጸጥ ባለ ንቃት የሚቆዩበት ጊዜ መፈጠሩን በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፏል። በታንዛንያ፣ በደቡባዊ አፍሪካና በቦሊቪያ ያለ ኤሌክትሪክ የሚኖሩ ሕዝቦችን የተመለከተ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለ ክፍፍል አላገኘም፤ ስለዚህ ተፈጥሮ ሰውን ሁሉ በእኩለ ሌሊት ትቀሰቅሳለች ለማለት አልደፍርም። ለማለት የምደፍረው፣ ሥርዓቱን የሠሩት አበው የእንቅልፍን ባሕርይ ሳያውቁ በዘፈቀደ አልሠሩትም የሚለውን ነው።

ሌሊቱን መከፋፈል ከቀኑ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር። ቀኑን እንደሆነ ሰው የገዛ ጥላውን በጫማው እየለካ ይለየው ነበር፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ዕለቱን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱንም በ60 ካልዒት ይመነዝሩታል፤ አንዱ ኬክሮስ በዛሬው አነጋገር 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ዕለቱን በ18 ክፍል ከፍሎ፣ በዓመቱ ረጅም ቀን 12ቱን ለመዓልት፣ 6ቱን ለሌሊት ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ግን በእኛ ሰማይ ሥር አይታይም። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ቆጠራውን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ መዓልቱንም ሌሊቱንም በ12 በ12 መክፈል ለአገሩ የተስማማ አቆጣጠር ሆኖ ኖሯል። ሌሎች አገሮች የዕለታቸውን መነሻ ማንም በማያየው በእኩለ ሌሊት ሲያደርጉ፣ እኛ ዐይን በሚያየው በንጋት ማድረጋችን እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጠር ሰምቼ አዝኛለሁ፤ የሰው ሥጋ ራሱ ሰዓቱን የሚሞላው በንጋት መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ባላለም ነበር።

በሌሊት ግን ጥላ የለም። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ከዋክብት ያገለግላሉ፤ ክረምት ሲገባና ደመናው ሲከድን የሚቀረው ምስክር አውራ ዶሮ ነው፤ መንገደኛው የሚነሣው፣ እመቤቲቱ እህል ለመፍጨት ወደ ወፍጮዋ የምትሄደው፣ ዲያቆኑም ደወሉን ለመምታት ከጎጆው የሚወጣው በዶሮ ጩኸት ነበር። ዶሮ የሚጮኸው የብርሃን ጭላንጭል ቀድሞ ስለሚያይ ነው ብለው የሚያስቡ ነበሩ፤ ነገር ግን በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት፣ ሁልጊዜ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ቢዘጉባቸው፣ ዶሮዎቹ ንጋቱን ሳያዩ ጊዜያቸውን ጠብቀው መጮኻቸውን እንዳልተዉ በ2013 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ሰዓቱ በውስጣቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በመጀመሪያ የተመለከተው ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ዣክ ደ ሜራን ሲሆን፣ እርሱም በ1729 እ.ኤ.አ. ቅጠሏን በቀን ዘርግታ በሌሊት የምትከድንን ተክል ጨለማ ውስጥ ቢያስቀምጣት፣ ፀሐይን ሳታይ በጊዜዋ መዘርጋቷንና መክደኗን ቀጥላለች። ከዚያ ወዲህ 200 ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ግን ይህን ነገር ከሰው ጋር በሚገባ ያገናኘው አልተገኘም።

አሁን ወደ ቅኔ ማኅሌቱ እንመለስ። ደብተራው በሁለት ረድፍ ከቆሙት መካከል ሆኖ፣ የመቋሚያውን ራስ በብብቱ ሥር ወይም በአገጩ ሥር አድርጎ ይደገፋል። እንቅልፉ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚከዳው አንገቱ ነው፤ ራሱ ዘንበል ይልና፣ የመቋሚያው ራስ አገጩን ሲገፋው ብንን ብሎ ቀና ይላል፤ አጠገቡ ያለው ወንድሙም አይቶ እንዳላየ ሆኖ ዜማውን ከፍ ያደርግለታል። የጡንቻ ጥንካሬ በቀላል እንቅልፍ ጊዜ ይላላል እንጂ ጨርሶ አይጠፋምና፣ ሰው ተደግፎ ሊያንጎላጅ ይችላል፤ እንቅልፉ ወደ ሕልም በገባ ጊዜ ግን የአካሉ ጡንቻ ሁሉ ስለሚፈታ፣ መቋሚያው ወለሉን መትቶ መጮኹ፣ ሰውየውም መውደቁ አይቀርም። በሥርዓቱ ውስጥ አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ፤ ማኅሌቱ የሚጀመረው ያለ መሣሪያ፣ በቁም ዜማ ሲሆን፣ ከዚያ በመቋሚያ የሚወዛወዙበት ዝማሜ፣ ቀጥሎ ከበሮና ጸናጽል ያለበት መረግድ፣ በመጨረሻም በእጅ የሚጨበጨብበት ጽፋትና ወረብ ይመጣል። ሌሊቱ እየከበደ በሄደ ቁጥር እንቅስቃሴው እየበረታ ይሄዳል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ለዚህ ሌላ ምስጢራዊ ትርጓሜ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን ቅደም ተከተል ያደላደሉ ሰዎች ሥጋ በየትኛው ሰዓት ድጋፍ እንደሚሻ ከልምድ ያውቁ ነበር የሚለው የእኔ እምነት ነው።

ይህን ሁሉ ሌሊት የቆሙት ደግሞ ያለ ቡና ነበር። ቡና በከፋና በአካባቢው ጫካ እየበቀለ፣ የደጋው ክርስቲያን የሙስሊሞች መጠጥ ነው እያለ እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ይሸሸው ነበር፤ ልማዱ የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። አብዱልቃድር አልጀዚሪ የተባለ ጸሐፊ በ16ኛው ምእተ ዓመት ስለ ቡና በጻፈው መጽሐፍ፣ የኤደን ሰው የሆነው ሼህ መሐመድ አልዘብሃኒ ወደ እኛ ጠረፍ ተሻግሮ ሰዎች ቡና ሲጠጡ አይቶ፣ ወደ ኤደን በተመለሰ ጊዜ መጠጡን እንዳስለመደ፣ ሱፊዎቹም ሌሊት ለሚያደርጉት ዚክር እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት እንደነበር ይተርካል። እንግዲህ በባሕሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሃይማኖቶች በአንድ ሌሊት አምላካቸውን ሲያመሰግኑ ያድሩ ነበር፤ ቡናው ከወዲህ በቅሎ ንቃቱን የሰጠው ለወዲያኞቹ ነበር።

ቡናው ምን እንደሚሠራ የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሊብ ሩንገ ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው በ1819 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ካፌይን በሰው አንጎል ምን እንደሚነካ ለመረዳት ደግሞ ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ። በመካከሉ ፈረንሳውያኑ ረኔ ለዣንድርና አንሪ ፒዬሮን ውሾችን ለብዙ ቀናት ሳያስተኙ ካቆዩ በኋላ፣ ከአንጎላቸው ዙሪያ የሚገኘውን ፈሳሽ ቀድተው በሚገባ ተኝተው ላደሩ ሌሎች ውሾች ቢሰጡ፣ ተቀባዮቹ ውሾች በእንቅልፍ ተሸነፉ፤ ይህም በ1913 እ.ኤ.አ. ታተመ። ንቃት በአንጎል ውስጥ አንድ ነገር ያጠራቅማል ማለት ነበር። ዛሬ ከዚህ ከሚጠራቀመው ነገር አንዱና ዋነኛው አዴኖሲን እንደሆነ ይታወቃል፤ የአንጎል ሕዋሳት ጉልበታቸውን ሲጠቀሙ የሚተርፍ፣ ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን የሚበዛ፣ የሚያነቁትን ሕዋሳት ጸጥ የሚያሰኝ፣ በእንቅልፍም ጊዜ የሚወገድ ነገር ነው። ይህ የንቃት ዕዳ ነው ብንል፣ ካፌይን ዕዳውን አይከፍልም፤ አዴኖሲን ገብቶ በሚቀመጥበት ወንበር ቀድሞ ይቀመጥና፣ ባለዕዳው የአበዳሪውን ድምፅ እንዳይሰማ ያደርገዋል እንጂ። አበዳሪው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከጠጡት ካፌይን እኩሌታው ከሥጋ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ ማታ ቡና ጠጥቶ እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው እኩለ ሌሊት ላይ በአልጋው ሲገላበጥ የሚያድርበት ምክንያት ይኸው ነው።

ነገር ግን የዕዳው ነገር ብቻውን ለመሪጌታው ያቀረብኩትን ጥያቄ አይመልስም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። ዕዳው ሌሊቱን ሁሉ እየጨመረ ከሄደ፣ ንጋት ላይ ለምን ይቀላል? በ1896 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪክና ጊልበርት ሦስት ሰዎችን ለ90 ሰዓት ሳያስተኙ ሲጠብቋቸው፣ እንቅልፋቸው ያለማቋረጥ እየከበደ ከመሄድ ይልቅ፣ በየሌሊቱ ከብዶ በየቀኑ ሲቀል አይተው ነበር። ከዚያ በኋላ በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜውን ለእንቅልፍ ጥናት የሰጠው ናትናኤል ክላይትማን፣ ራሱም ሌሊቱን ነቅቶ እያደረ፣ የማለዳው ሰው ከሌሊቱ ሰው የበለጠ ንቁ መሆኑን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አስተዋለ፤ ሰው የሚተኛው በደሙ መርዝ ስለሚጠራቀም ብቻ ነው የሚለውን የዘመኑን አሳብ ሊቀበል ያልቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛ ደብተራዎች በየበዓሉ ያዩትን ነገር እርሱ በመዝገብ ላይ አሰፈረው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ክላይትማን በ1938 እ.ኤ.አ. ብሩስ ሪቻርድሰን ከተባለ ተማሪው ጋር በኬንተኪ ወደሚገኘው ማሞት ዋሻ ወረደ። በዋሻው ውስጥ ንጋትም ምሽትም የለም፤ ቅዝቃዜውም በጋ ከክረምት አይለወጥም። በዚያ 32 ቀን ሲቆዩ ዕለታቸውን 28 ሰዓት አድርገው፣ ሥጋቸው ይህን አዲስ ዕለት ይለምድ እንደሆነ የሰውነታቸውን ሙቀት እየለኩ ተከታተሉ። ወጣቱ ተማሪ ለመደው፤ የ43 ዓመቱ መምህር ግን አልለመደውም፤ መኝታውን ቢለውጥም ሙቀቱ በ24 ሰዓቱ መውጣትና መውረዱን ቀጠለ። ጺማቸው አድጎ ከዋሻው ሲወጡ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። የሙከራው መልስ የተከፈለ ነበር፤ ቢሆንም በሰው ውስጥ ፀሐይን ሳይጠብቅ የሚሄድ ሰዓት መኖሩን የሚጠራጠር ሰው ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ሳሳ።

ሰዓቱ የሚገኝበት ቦታ በ1972 እ.ኤ.አ. ታወቀ። በአንጎል ግርጌ፣ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት መስቀለኛ በላይ፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ቅንጣት ብዙ የማይበልጡ ሁለት ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ ሁለቱ በአንድነት 20 ሺህ ያህል ሕዋሳት ይይዛሉ፤ በአይጦች ላይ እነዚህ ሲጠፉ የመተኛና የመንቂያ ሥርዓት ይፈርሳል። በሰው የዚህ ሰዓት ዙር ከ24 ሰዓት ጥቂት ያልፋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ ማንም ባያስተካክለው በየቀኑ ጥቂት ወደ ኋላ ይጎተት ነበር፤ የሚያስተካክለውም የንጋት ብርሃን ነው፤ በዐይን ውስጥ መልክን ለማየት ሳይሆን ብርሃን መኖሩን ብቻ ለዚያ ሰዓት ለመንገር የተመደቡ ሕዋሳት መኖራቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል።

የዙሪኩ ሊቅ አሌክሳንደር ቦርቤይ በ1982 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ነገሮች አገናኘ፤ የሰው ንቃት በማንኛውም ሰዓት የሚወሰነው፣ ከነቃ ጀምሮ በተጠራቀመው ዕዳና በውስጡ ባለው ሰዓት መካከል በሚደረገው ትግል ነው አለ። የማኅሌቱ ሰው ነገር በዚህ ይፈታል። ሲመሽ ዕዳው ቢጨምርም፣ ሰዓቱ ንቃትን አጥብቆ ይይዛልና ሰውየው አይሰማውም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰዓቱ ድጋፉን ያነሣል፤ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፤ ከዕለት ዕለት በ12 ሰዓት የሚነቃ ሰው ከሆነ፣ 10 ሰዓት ገደማ የሙቀቱ የመጨረሻ ዝቅታ ላይ ይደርሳል፤ «ብርዱ ከአጥንቴ ገባ» የሚያሰኘው የደጋው ነፋስ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ዕዳው እንዳለ ሆኖ ሰዓቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ፀሐይ በመስኮት ስትገባም ብርሃኑ ራሱ ተጨማሪ ንቃት ይሰጣል። «የብርሃን በረከት» ያሉኝ አረጋዊ ስለዚህ ምንም ሳያነብቡ ከግማሹ እውነት ላይ ቆመው ነበር።

በዚህ ታሪክ ሕልምም ቦታ አለው። ዩጂን አሰሪንስኪ የክላይትማን ተማሪ ሳለ፣ የስምንት ዓመት ልጁን በመሣሪያ አስሮ አስተኝቶ፣ በሌሊቱ መካከል የልጁ ዐይኖች ከሽፋናቸው ሥር ወዲያና ወዲህ ሲሮጡ አየ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. መምህሩና እርሱ ሰው ብዙውን ሕልም የሚያይበት የእንቅልፍ ክፍል ይህ መሆኑን አስታወቁ። በሊዮን የነበረው ሚሼል ዡቬ ደግሞ በድመቶች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ በዚህ ጊዜ የአካል ጡንቻ በአንጎል ትእዛዝ እንደሚፈታ በ1959 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ ሰው በሕልሙ ሲሮጥ ከአልጋው የማይወርደው ስለዚህ ነው። አእምሮ ነቅቶ የሥጋ ጡንቻ ገና ከመፈታቱ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ሰውየው ዐይኑን ገልጦ እጁን ማንሣት ያቅተዋል፤ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠ ይመስለዋል፤ አገራችን ይህን ዱካክ ይለዋል። እንቅልፍ በጎደለበትና በተዛባበት ሰው ላይ ዱካክ ይበዛል፤ ሌሊት ቆሞ ማለዳ የሚተኛ ሰው ቢያዘወትረው የሚያስደንቅ አይደለም። ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም የሚለው የአገራችን ሰው ግን ለዱካክም ለቅዠትም ሲል መኝታውን አልተወም።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ደብተራው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ የቀድሞው መከልከል ቀርቶ ቡናው ተቆልቶ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ግን ሲኒውን በእጁ ምልክት አሳልፎ ወደ መደቡ ይሄዳል። በሌሊቱ የተጠራቀመው ዕዳ ወዲያው ይጥለዋል፤ ሰዓቱ ግን እየወጣ ነውና ብዙ አያስተኛውም። ይህን ስለሚያውቅ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ መቋሚያውን ከግድግዳው ያስደግፋል፤ ነጠላውን አጣጥፎ ከራስጌው ያኖርና፣ ጋቢውን ከእግሩ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ስቦ፣ በጨርቁ ሽመና መካከል የሚገባውን የብርሃን ነጠብጣብ ለማጥፋት እጥፉን በዐይኖቹ ላይ ይደርባል። ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰው፣ ጋቢውን ገልጦ ይቀመጣል፤ ቀኑም ገና እኩሌታው አልደረሰም።